የመርከብ አውሮፕላን ኢትዮጵያ ምን ትሠራ ነበር?

እናንተዬ፣ ሰው ለአሻንጉሊት አውሮፕላን መቶ ዶላር ይከፍላል? ይከፍላል እንጂ! ከዚያ በላይ የሚከፍልም አለ። ያውም «አሻንጉሊት» ብላችሁ ከጠራችሁበት ይቀየማችኋል። «ሞዴል ናት» ይላችኋል፤ «ዳይካስት ናት፣ በተወሰነ ብዛት ነው የተመረተችው፣ ሳጥኗ ራሱ ዋጋ አለው» ይላችኋል።

ዋጫ ውስጥ አንዲት አለች። ዋጫን ለማታውቁ፣ ከቦንጋ ወደ ሚዛን ስትሄዱ የምታገኟት የጨና ወረዳ ከተማ ናት። አውሮፕላኗ ከአንድ ወዳጃችን ቤት፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ዳንቴል በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች። የአጎቱ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ከጫማና ከቸኮሌት መሃል ሸጉጦ ያመጣት ናት። ጥቁር ሰማያዊ ቀለም አላት፤ ስሟ ኮርሴር ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ እየተነሳች ትዋጋ የነበረች አውሮፕላን አምሳያ ናት። የወዳጃችን እናት አቧራዋን እያራገፉ «ልጄ፣ ይቺ ነገር ክንፏ ተሰብሮ ነው እንዴ የመጣችው?» አሉት። እኛ ሳቅን። በኋላ ስናስበው ግን የእማማ ጥያቄ ከሁላችንም ጥያቄ የተሻለ ሆኖ አገኘነው፤ የኮርሴር ክንፍ እውነትም የተሰበረ ይመስላል። ከሥሩ ወደ ታች ይወርድና እንደገና ወደ ላይ ይቃናል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኮርሴር ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1940 ነው። መሐንዲሶቹ በጊዜው ከነበሩት ሞተሮች ሁሉ ኃይለኛ የሆነውን፣ ሁለት ሺህ የፈረስ ጉልበት ያለውን፣ በአንድ ሰው አውሮፕላን ላይ ለመጫን ፈለጉ። ያን ጉልበት የሚችል ፕሮፔለር ደግሞ ትልቅ መሆን አለበት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አራት ሜትር ገደማ ሆነ። ይህን የሚያህል ፕሮፔለር መሬት እንዳይመታ የአውሮፕላኗ እግር መርዘም አለበት። ረጅም እግር ግን ደካማ ነው፤ መርከብ ላይ ማረፍ ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ማረፍ ሳይሆን መውደቅ ነው። ስለዚህ ክንፉን ወደ ታች ሰበሩትና እግሩን ከስብራቱ ላይ ተከሉት። እግሩ አጠረ፤ ፕሮፔለሩም ከመሬት ራቀ።

ክንፉ ደግሞ ይታጠፋል። መርከብ ላይ ቦታ ማለት እንደ መርካቶ ሱቅ ነው፤ እያንዳንዷ ክንድ ዋጋ አላት። በርካታ አውሮፕላኖች ክንፋቸውን ወደ ላይ አጥፈው ተጠጋግተው ይቆማሉ። ከጅራቷ ሥር ደግሞ አንድ መንጠቆ አለ። አውሮፕላኗ ልታርፍ ስትል መንጠቆው ይወርዳል፤ በመርከቡ ወለል ላይ ተወጥሮ የተዘረጋውን የብረት ገመድ ይይዝና በጥቂት ሜትሮች ውስጥ አንቆ ያቆማታል። ገመዱን ከሳተ ወይ እንደገና መነሳት ነው፣ ወይ ፊት ለፊት ካለው መረብ ጋር መላተም ነው፣ ወይ ባሕር ነው። ይህን መንጠቆ በአእምሯችሁ ያዙልን፤ ወደ በኋላ ስለምንፈልገው።

የሚገርመው ግን ለመርከብ የተሠራችው ኮርሴር መጀመሪያ ላይ ለመርከብ አትሆንም ተብላ ነበር። አፍንጫዋ ረጅም ስለሆነ አብራሪው ሊያርፍ ሲል ፊቱን አያይም፤ ወለሉን ስትነካም ትነጥር ነበር። ስለዚህ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለማሪኖቹ ሰጣትና እ.ኤ.አ. ከ1943 መጀመሪያ ጀምሮ ከጓዳልካናል ደሴት፣ ከአፈር ሜዳ ላይ እየተነሳች ትዋጋ ጀመር። በአሜሪካ መርከቦች ላይ በብዛት የተሰማራችው በ1944 መጨረሻ ነው። ለነገሩ ይህች ከመርከብ ወርዳ መሬት ላይ የመሥራት ነገር በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ደጋግማ ትመጣለች።

ዳይካስት የሚባለው ምንድን ነው? የቀለጠ ብረት በከፍተኛ ግፊት ወደ ቅርጽ ማውጫ ተገፍቶ፣ ወዲያው ቀዝቅዞ፣ ቅርጹን ይዞ ሲወጣ ነው። ብረቱ አብዛኛውን ጊዜ ዚንክ ሲሆን ጥቂት አሉሚኒየም፣ ማግኒዥየምና መዳብ ይጨመርበታል። ዛማክ የሚሉት ቅይጥ የእነዚህን አራት ብረቶች የጀርመንኛ ስም የመጀመሪያ ፊደሎች ይዞ እ.ኤ.አ. በ1929 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ነው። የእንግሊዙ ዲንኪ ኩባንያ ከ1934 ጀምሮ ትናንሽ የብረት አውሮፕላኖችን ለልጆች መሸጥ ጀመረ። የእነዚያ ጊዜ አውሮፕላኖች ዛሬ ሳይሰነጠቁ ቢገኙ ዋጋቸው የት እየለሌ ነው። ችግሩ ግን አብዛኞቹ ይሰነጠቃሉ። ዚንኩ ውስጥ ጥቂት እርሳስ ከገባበት ብረቱ ከዓመታት በኋላ ከውስጥ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ እንደ ደረቅ ቂጣ ይፈረፈራል። ሰብሳቢዎች ይህን እንደ በሽታ ያዩታል። እርጥበት ያባብሰዋል ይባላል፤ እንግዲህ የከፋን ዝናብ የምታውቁ ገምቱት።

ሌላው ነገር ልኬቷ ነው። ብዙዎቹ የጦር አውሮፕላን ሞዴሎች 1፡72 ናቸው። ለምን 72? እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ ስካይበርድስ የሚባሉ የእንጨት ሞዴሎች ሲወጡ አንድ ኢንች ስድስት ጫማን እንዲወክል ተደረገ። ስድስት ጫማ የአንድ ረጅም ሰው ቁመት ነው። ስለዚህ በዚህ ልኬት ሰው ማለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ አውራ ጣታችሁ ላይ ይቆማል። ጦርነቱ ሲመጣ ይህ የልጆች ልኬት የወታደር ልኬት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1942 መጀመሪያ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የአገሪቱ ተማሪዎች 500 ሺህ የእንጨት አውሮፕላኖችን ጠርበው እንዲያስረክቡ ጠየቀ። ሃምሳ ዓይነት፣ ከእያንዳንዱ አሥር ሺህ፣ ሁሉም በ1፡72። ጥቁር ይቀቡና መድፈኞችና አብራሪዎች ሰማይ ላይ የሚያዩት ጥላ የወዳጅ ይሁን የጠላት በእነሱ እየተማሩ ይለዩ ነበር። ሞዴሉን ከአንድ ሜትር ርቀት ማየት ማለት እውነተኛውን አውሮፕላን ከ72 ሜትር ማየት ማለት ነዋ!

እኛም እንሠራ ነበር። ከበቆሎ አገዳ። አገዳውን ልጠን፣ ለስላሳውን ልብ ለአካል፣ ቅርፊቱን ለክንፍና ለማያያዣ፣ ከፊት ደግሞ በእሾህ የተሰካ ነፋስ ሲመታው የሚዞር ቅጠል። ልኬት አናውቅም፤ የማንን አውሮፕላን እንደምንሠራም አናውቅም ነበር። አውሮፕላን አውሮፕላን ነው። አገዳው በሳምንቱ ይጠወልጋል፤ የአሜሪካ ልጆች የጠረቧቸው ግን እስከ ዛሬ በሙዚየም መስታወት ውስጥ አሉ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው የሚል አይጠፋም። እንምጣበት።

ከፋ አውሮፕላንን ያወቀችው በጠላትነት ነው። አዲስ አበባ የመጀመሪያዋን አውሮፕላን ያየችው ነሐሴ 1921 ነበር፤ ሕዝቡም ወጥቶ ተቀበላት። ከስድስት ዓመት በኋላ ጣሊያን በመቶዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች ይዛ መጣች። በእኛ በኩል የነበሩት ከደርዘን ብዙም የማይበልጡ፣ አብዛኞቹም መሣሪያ ያልታጠቁ ናቸው። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ታኅሣሥ 1928 ተከዜ አካባቢ ሳሉ ከሰማይ የወረደው ነገር እንደ ወትሮው ቦምብ አልነበረም። ሲሰበር ፈሳሽ ይረጫል፤ የነካው ሰው እጁ፣ እግሩ፣ ፊቱ ይላጣል። የመርዝ ጋዝ ነበር። ራስ እምሩ በኋላ ይህን ራሳቸው መስክረዋል።

ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ ራስ እምሩ ወደ ጎሬ ወረዱ። በዚያው ክረምት መግቢያ፣ ሰኔ 1928፣ ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች የምዕራቡን ሕዝብ በስብከት እናስገብራለን ብለው ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ አረፉ። ተሳፋሪዎቹ ተራ ሰዎች አይደሉም፤ ጄኔራል ማልዮኮ የሚባለው የጣሊያን አየር ኃይል ከፍተኛ መኮንንም ነበረበት። ሌሊቱን የጥቁር አንበሳ አርበኞች፣ ከእነሱም ውስጥ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ልጆች፣ ደረሱባቸው። አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ፤ ከቡድኑ የተረፈው አንድ ቄስ ብቻ ነው። እኛ እንደምናስበው የኢትዮጵያ ጦር በዚያ ጦርነት በጣሊያን አየር ኃይል ላይ ያደረሰው ትልቁ ጉዳት ይህ ነው፤ የደረሰውም በእግረኛ፣ በሌሊት፣ መሬት ላይ ነው።

ከዚያ ራስ እምሩና ጥቁር አንበሶች ወደ ደቡብ፣ ወደ ከፋ መጡ። ታኅሣሥ 9 ቀን 1929፣ ከፋንና ጅማን በሚለየው በጎጀብ ወንዝ አካባቢ፣ መውጫ መግቢያው ተዘግቶባቸው እጃቸውን ሰጡ። ዛሬ ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚሄድ ሚኒባስ ጎጀብን ሲሻገር ሾፌሩ ቴፑን እንኳ አይቀንስም። ራስ እምሩን ጣሊያን ወስደው ፖንዛ ደሴት አሰሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1943 ሙሶሊኒ ከሥልጣን ሲወርድ ለጥቂት ቀናት የታሰረው በዚያችው ደሴት ነው። ታሪክ አንዳንዴ ቀልድ ታውቃለች።

የመርከብ አውሮፕላኖች ወደ እኛ ታሪክ የገቡት በ1933 ነው፤ ያውም በወዳጅነት። የካቲት 6 ቀን፣ ፎርሚደብል ከምትባለው የእንግሊዝ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ የተነሱ አሥራ አራት አልባኮሮች ምጽዋ ወደብ ላይ ያለውን የጣሊያን መርከብ መቱ። መጋቢት 25 ቀን ደግሞ የኢግል መርከብ ሶርድፊሾች ከምጽዋ ወጥተው ፖርት ሱዳንን ሊደበድቡ የመጡ የጣሊያን አውዳሚ መርከቦችን ቀይ ባሕር ላይ አገኟቸው፤ ናዛሪዮ ሳውሮና ዳኒኤሌ ማኒን ሰመጡ። ሶርድፊሽ ባለ ሁለት ድርብ ክንፍ፣ ጨርቅ የለበሰች፣ ቀርፋፋ አውሮፕላን ናት፤ በዘመኗ እንኳ አሮጊት ትባል ነበር። ደግሞ ልብ በሉ፤ እነዚህ ሶርድፊሾች የተነሱት ከመርከብ አይደለም። ኢግል ገና ከስዊዝ ቦይ ወዲያ ሳለች አውሮፕላኖቿ ብቻቸውን ቀድመው መጥተው ፖርት ሱዳን ሜዳ ላይ ነበሩ። ከአምስት ቀን በኋላ ምጽዋ ተያዘች፤ በወሩ ጃንሆይ አዲስ አበባ ገቡ። ዛሬ ኮርጊ የሚባለው ኩባንያ የሠራትን የሶርድፊሽ ዳይካስት ብታገላብጧት ስለ ታራንቶና ስለ ቢስማርክ የሚያወራችሁ አታጡም። ስለ ምጽዋ የሚያወራ ሲገኝ ንገሩን።

አሥር ዓመት እንለፍና ኮሪያ እንግባ። ኮርሴር እዚያ እንደገና አለች። ኅዳር 25 ቀን 1943፣ በእነሱ አቆጣጠር በታኅሣሥ 1950፣ ጄሲ ብራውን የሚባል የ24 ዓመት አብራሪ ኮርሴሩ ተመትታ በበረዶ ተራራ ላይ ወደቀች። ጄሲ ብራውን በአሜሪካ ባሕር ኃይል ተዋጊ አብራሪ ለመሆን ሥልጠናውን የጨረሰ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ የሚሲሲፒ የገበሬ ልጅ። እግሩ በተጨማደደው ኮክፒት ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። ጓደኛው ቶማስ ሃድነር ሆን ብሎ የራሱን ኮርሴር እዚያው አጠገቡ በሆዷ አሳረፋት፤ በባዶ እጁ በረዶ እየዛቀ ሊያወጣው ሞከረ፤ አልቻለም። ብራውን እዚያው ሞተ።

እነዚያ ኮርሴሮች በዚያ ሰሞን ሲረዱ የነበሩት ቾሲን በሚባለው የውኃ ግድብ ዙሪያ የተከበበውን ጦር ነው። ከተከበቡት መሃል የሰባተኛው ክፍለ ጦር የ32ኛ እግረኛ ሬጅመንት አንደኛ ባታሊዮን አለ፤ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ሚያዝያ 28 ቀን 1943 የቃኘው ሻለቃ ፑሳን ወደብ ደረሰ። የተመደበው የት ነው? በዚሁ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር። የእኛ ልጆች የተቀላቀሉት ከአምስት ወር በፊት በበረዶ ላይ ከተደመሰሰ፣ እንደገና ሰው እየሞላ ከነበረ ሬጅመንት ጋር ነው። ቃኘው ኮሪያ ውስጥ ከ120 በላይ ሰው ገብሮ አንድም ምርኮኛ ሳያስይዝ ተመልሷል።

ሚሲሲፒን ካነሳን አይቀር አንድ ነገር። ጄሲ ብራውን የተወለደው ሃቲስበርግ ነው። ከዚያ ወደ ባሕሩ ብትወርዱ ገልፍፖርት የሚባል ከተማ አለ፤ ጆን ሮቢንሰን ያደገው እዚያ ነው። ሮቢንሰን በ1927 ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የኢትዮጵያን ትንሽ አየር ኃይል የመራው ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ከነጻነት በኋላም ተመልሶ አብራሪዎችን አሠልጥኗል፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ከአውሮፕላን አደጋ በኋላ አዲስ አበባ ሞተ። አገሩ ጥቁር ሰው አውሮፕላን አያበርም ባለበት ዘመን ኢትዮጵያ የአየር ኃይሏን መሪነት ሰጠችው። ብራውን ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር።

አሁን ወደ አርእስታችን። በዚያው የኮሪያ ጦርነት የእንግሊዝና የአውስትራሊያ መርከቦች ከቢጫ ባሕር ላይ ፋየርፍላይ የሚባሉ አውሮፕላኖችን ያስነሱ ነበር። ፋየርፍላይ የፌይሪ ኩባንያ ሥራ ናት፤ የሶርድፊሽና የአልባኮር ታናሽ እህት ማለት ነው። መጀመሪያ የበረረችው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1941 ሲሆን በጠቅላላው 1,702 ተሠርተዋል። ሁለት ሰው ትይዛለች፤ አብራሪው ከፊት፣ መንገድ መሪው ከክንፉ ኋላ በራሱ ጎጆ። በየክንፏ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት፣ 20 ሚሊ ሜትር መድፎች አሏት። ለተዋጊ አውሮፕላን ፈጣን አይደለችም፤ በሰዓት 500 ኪሎ ሜትርን ብዙም አታልፍም። ግን ረጅም ትሄዳለች፣ ቀስ ብላ ታርፋለች፣ የሰጧትን ሁሉ ትሸከማለች። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1944 ኖርዌይ ውስጥ ተደብቆ በነበረው ትልቁ የጀርመን የጦር መርከብ ቲርፒትስ ላይ በተደረገው ጥቃት ነበረች። በ1945 መጀመሪያ ደግሞ ሱማትራ ላይ ጃፓኖች የያዙትን የነዳጅ ማጣሪያ በሮኬት ስትመታ ነበር።

ካናዳ ከጦርነቱ በኋላ የራሷን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ስትይዝ ፋየርፍላይም አብራ መጣች። ብዙም ሳይቆይ ካናዳ አውሮፕላኖቿን ስትቀይር አሮጌዎቹ ለሽያጭ ቀረቡ። ከገዢዎቹ አንዷ ኢትዮጵያ ናት።

አዎ፣ ኢትዮጵያ። በ1950ዎቹ፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል በመርከብ ላይ ለማረፍ የተሠሩ፣ ክንፋቸው የሚታጠፍ፣ መንጠቆ ያላቸው ተዋጊ አውሮፕላኖች ነበሩት። አንድም አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ሳይኖረን! እንዲያውም ያን ጊዜ የባሕር ኃይላችን ራሱ ገና እየተቋቋመ ነበር።

ነገሩ ግን ሞኝነት አይደለም። አየር ኃይሉን ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ያቋቋሙት ስዊድኖች ናቸው፤ የበላዩም ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነበር። ይህ ሰው በ1928 የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን እያበረረ ቁስለኞቻችንን ያመላልስ የነበረ ነው፤ ከአርባ ዓመት በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ1977፣ ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጦርነት እዚሁ አገራችን ሞተ። የአየር ኃይሉ ዋና ጉልበት ሳብ 17 የሚባሉ የስዊድን ቦምብ ጣዮች ነበሩ። ለመጋለብ ጠንካራ፣ ለመግዛት ርካሽ የሆነ ተጨማሪ አውሮፕላን ለሚፈልግ አገር ፋየርፍላይ ጥሩ ገበያ ናት። መርከብ ላይ በቀን አሥር ጊዜ ለመውደቅ የተሠራ እግር የአፍሪካ ሜዳ አይሰብረውም። ቀስ ብላ ማረፍ የምትችል አውሮፕላን አጭር ሜዳ አያስጨንቃትም። ኮርሴር ጓዳልካናል ላይ፣ ሶርድፊሽ ፖርት ሱዳን ላይ የሠሩትን ሥራ ፋየርፍላይ ኢትዮጵያ ላይ ሠራች ማለት ነው። መንጠቆው ብቻ የሚይዘው ገመድ አጣ።

ለባሕር ኃይሉም አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካ ለኢትዮጵያ የሰጠችው ትልቁ መርከባችን፣ «ኢትዮጵያ» ተብሎ የተሰየመው፣ ቀድሞ ኦርካ የሚባል የባሕር አውሮፕላኖች ደጋፊ መርከብ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ውኃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅና ጥገና ይሰጥ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ የመርከብ አውሮፕላን ያለ መርከብ፣ የአውሮፕላን መርከብ ያለ አውሮፕላን። መርከቡ በ1983 ደርግ ሲወድቅ ወደ የመን ሸሸ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ።

ፋየርፍላዮቹስ? የአሜሪካ ጄቶች ሲመጡ የፕሮፔለር አውሮፕላን ዘመን አለፈና ሜዳ ላይ ተጣሉ። ፀሐይና ዝናብ፣ አብዮትና ጦርነት ሲፈራረቁባቸው እዚያው ቆዩ። ጎማቸው ተወሰደ፤ መስታወታቸው ረገፈ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ካናዳውያን የት እንዳሉ ሰምተው መጡ። ከእነሱ አንዷ ዛሬ ኦታዋ ባለው የአቪየሽንና የጠፈር ሙዚየም ናት፤ ሌላዋ ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ ሺርዋተር በሚባለው የባሕር አቪየሽን ሙዚየም በበጎ ፈቃደኞች እጅ ለዓመታት ስትጠገን ኖራለች። የሚያሳዩአቸው የካናዳ ባሕር ኃይል ቅርስ አድርገው ነው። ልክ ናቸው፤ ነበሩ። የእኛም ነበሩ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ክብ ምልክት ተስሎባቸው የኢትዮጵያ ልጆች አብርረዋቸዋል።

እዚህ ላይ በመካከላችን ክርክር ተነስቶ ነበር። አንዳንዶቻችን «ቅርሳችንን ወሰዱብን» አልን። ሌሎቻችን ግን «ማን ከለከላችሁ? ዓመታት ሙሉ ሜዳ ላይ ሲዝጉ የት ነበራችሁ?» አሉ። እውነት ለመናገር ሁለተኞቹ አሸንፈዋል። የተጣለን ነገር አንስቶ የጠገነ ሰው ሌባ አይባልም። የከፋ ሰው የተወሰደ ነገር ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1897 ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ሲማረኩ የከፋ መንግሥት ዘውድ ተነጥቆ፣ በምኒልክ አማካሪ በአልፍሬድ ኢልግ እጅ ስዊዘርላንድ ድረስ ሄዶ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው የተመለሰው። ያ መነጠቅ ነው። የፋየርፍላይ ነገር መርሳት ነው። ሁለቱን ባናደባልቅ ጥሩ ነው።

የተነጠቀች አውሮፕላንም አለችን። «ፀሐይ» የምትባለው፣ የንጉሠ ነገሥቱ ጀርመናዊ አብራሪ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር አዲስ አበባ ላይ የሠራት፣ በ1928 የበረረች፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራች ትንሽ አውሮፕላን። ጣሊያን ማርካ ወሰደቻትና ቪኛ ዲ ቫሌ በሚባለው የአየር ኃይል ሙዚየም ውስጥ አስቀመጠቻት። ለብዙ ዓመት ተጠየቀች። ጥር 2016 ተመለሰች። ሞተሯ 115 የፈረስ ጉልበት ነው፤ የኮርሴርን ሞተር አሥራ ሰባተኛ እንኳ አይሞላም። ግን ጮቤ ረግጠናል።

ወደ ሞዴሎቹ ስንመለስ፣ በየሱቁ መደርደሪያ ላይ የሚበዙት ኮርሴር፣ ሄልካትና የጃፓኗ ዜሮ ናቸው። የኢትዮጵያ ምልክት ያለባት ፋየርፍላይ ዳይካስት እኛ እስካሁን እጃችን አልገባችም። መቶ ዶላሩም የለንም። ስለዚህ አንድ ነገር አስበናል። ዋጫ ውስጥ በርጩማ የሚጠርቡ፣ እጃቸው የተባረከ ልጆች አሉ። በ1፡72 የፋየርፍላይ ክንፍ 19 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ርዝመቷ 16። ከአንድ የዋንዛ ቁራጭ ትወጣለች። የጎደለን ቀለሟ ነው። አባታችሁ፣ አያታችሁ ወይም የጎረቤታችሁ ጡረተኛ በንጉሡ ዘመን አየር ኃይል ውስጥ ሠርተው ከሆነ፣ በተለይ መካኒክ ከነበሩ፣ ከአልጋ ሥር ያለውን ሳጥን አስከፍቷቸው። አራት መድፍ ያላት፣ ከክንፏ ኋላ ሁለተኛ ጎጆ ያላት አውሮፕላን አጠገብ የቆመ ሰው ፎቶ ካገኛችሁ፣ ምልክቷ የት ላይ እንደተሳለ፣ ሆዷ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረ ጠይቁልን። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀለሙን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።